ጣሪያውና ጥያቄው

ሐያስያን ስለ ቅርፅና ይዘት መነጋገር ከጀመሩ ዘመናት አልፈዋል። ቅርፅ ከይዘት ይወለዳል የሚለው አባባል በሥነ ጽሑፉም፣ በሥዕሉም፣ በቴአትሩም መድረክ ደጋግሞ ተሰምቷል። ዛሬ ይህ ነባር ጉዳይ ባልተጠበቀ በር ተመልሶ ገብቷል፤ ይኸውም በመሐንዲሱ የስሌት ክፍል በኩል ነው። በዘመናችን የኪነ ሕንፃ ሥራ አንድ ጣሪያ ወይም አንድ ድልድይ በመሬት ላይ ከመቆሙ በፊት በኮምፒዩተር ውስጥ ሺህ ጊዜ ይሠራል፣ ሺህ ጊዜ ይፈተናል፣ ሺህ ጊዜም ይፈርሳል። ከሺሁ መካከል አንዱ ተመርጦ በብረትና በመስተዋት ሲገነባ፣ ተመልካቹ «የዚህ ቅርፅ ወላጅ ማን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ነው። ነዳፊው ነውን? መሐንዲሱ ነውን? ወይስ ማሽኑ?

ለዚህ ጥያቄ ሁለት የተቻኮሉ መልሶች ሲሰጡ ይሰማል። አንደኛው ወገን ኮምፒዩተሩ ያወጣው ምርጥ ቅርፅ ስለሆነ ክርክር አያስፈልገውም ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ማሽን ያወጣው ነገር ኪነ ጥበብ ስላልሆነ ሂስ አይገባውም ይላል። በዚህ ጸሐፊ አመለካከት ሁለቱ ወገኖች ተቃራኒ ይምሰሉ እንጂ በአንድ ስሕተት ላይ ተስማምተዋል፤ ሁለቱም መልሱን ብቻ ተመልክተው ጥያቄውን ዘንግተዋል። ማሽኑ የሚመልሰው የተጠየቀውን ነው። የሚጠይቀው ሰው ነው። ስለሆነም የሐያሲው ዓይን አስቀድሞ ማረፍ ያለበት በጥያቄው ላይ ነው።

አሠራሩን በግልጽ ማየት ይጠቅማል። ነዳፊው የሕንፃውን ቅርፅ በአንድ የማይነቃነቅ መሥመር ከመሣል ይልቅ በቁጥሮች ያስረዋል። የጣሪያው ቁመት፣ የቅስቱ ጥምዝ፣ የምሰሶዎቹ ርቀት፣ የብረቱ ውፍረት እያንዳንዳቸው ሊለዋወጡ የሚችሉ መለኪያዎች ይሆናሉ፤ በሙያው ቋንቋ ፓራሜትር ይባላሉ። አንዱ ቁጥር ሲነካ ከእርሱ ጋር የተሳሰረው ሁሉ አብሮ ይለወጣል። ከዚያም መሐንዲሱ ሕንፃውን በኮምፒዩተር ውስጥ በብዙ ሺህ ጥቃቅን ክፍሎች ይሸነሽንና ክብደትን፣ ነፋስን፣ ሙቀትን አሸክሞ በያንዳንዱ ክፍል ላይ የሚደርሰውን ጫና ያሰላል። በመጨረሻም አንድ ግብ ያስቀምጣል፤ ለምሳሌ ጥንካሬው ሳይጓደል የብረቱ ክብደት ይነስ ይላል።

ነገሩ ቀላል ቢመስልም ቁጥሩ ቶሎ ከእጅ ያመልጣል። አምስት ፓራሜትሮች ቢኖሩና እያንዳንዳቸው አሥር አሥር ዋጋ ቢሰጣቸው አማራጮቹ 100,000 ይሆናሉ። አንዱን አማራጭ ለመፈተን አንድ ሰዓት ቢወስድ ሁሉንም በየተራ ፈትኖ ለመጨረስ ከ11 ዓመት በላይ ይጠይቃል። ስለዚህ መሐንዲሱ በጥንቃቄ የተመረጡ ጥቂት አማራጮችን ብቻ ይፈትንና በመካከላቸው ያለውን ባዶ ቦታ በግምት ይሞላል፤ ግምቱ ወዳመለከተው አቅጣጫ ሄዶም እንደገና ይፈትናል። ወይም ደግሞ እንደ ከብት አርቢ የተሻሉትን እያዳቀለ፣ ደካሞቹን እያስወገደ፣ ትውልድ በትውልድ ይቀጥላል።

ይሁንና ግቦቹ ሁለት ሲሆኑና እርስ በርስ ሲጋጩ፣ ለምሳሌ ብርሃን በብዛት እንዲገባ ሙቀት ግን እንዲቀንስ ሲፈለግ፣ ብቸኛ ምርጥ የሚባል አይገኝም። ያን ጊዜ ማሽኑ የሚያቀርበው አንዱን ግብ ሳይጎዱ ሌላውን ማሻሻል የማይቻልባቸውን አማራጮች ረድፍ ነው። ይህ ረድፍ በጣሊያናዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ በቪልፍሬዶ ፓሬቶ ስም ይጠራል። ከረድፉ ላይ አንዱን ማንሳት የሰው ፈንታ ነው። እዚያ ላይ ስሌቱ ያበቃል፤ ፍርዱ ይጀምራል።

ይህ አካሄድ ከኮምፒዩተር ጋር የተወለደ አይደለም። አንቶኒ ጋውዲ ከባርሴሎና አቅራቢያ በሚገኘው በኮሎኒያ ጉዌል ለሚሠራው ቤተ ክርስቲያን ከ1898 (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ጀምሮ አሥር ዓመት ያህል የደከመው በገመድና በከረጢት ነበር። ገመዶችን ከላይ አንጠልጥሎ በጥቃቅን የእርሳስ ፍሬዎች የተሞሉ ከረጢቶችን ሰቀለባቸው። የተንጠለጠለ ገመድ መሸከም የሚችለው መወጠርን ብቻ ነውና፣ ያው ቅርፅ ወደ ላይ ሲገለበጥ መጨመቅን ብቻ የሚሸከም የድንጋይ ቅስት ይሆናል። አንዱ ከረጢት ሲከብድ ወይም አንዱ ገመድ ሲረዝም መላው ቅርፅ ይለወጥ ነበር። የገመዱ ርዝመትና የከረጢቱ ክብደት የጋውዲ ፓራሜትሮች ነበሩ፤ የመሬት ስበትም ኮምፒዩተሩ ነበር ማለት ይቻላል። ሥራው በ1914 ተቋርጦ የታችኛው ክፍል ብቻ ተሠርቶ ቀረ፤ ይሁን እንጂ ያ ክፍል ዛሬም ድረስ ቆሞ ይመሰክራል። ከዚያ በኋላ በ1960 ሉዊጂ ሞሬቲ የተባለው ጣሊያናዊ የኪነ ሕንፃ ሰው በሚላን ትሪየናሌ ላይ ፓራሜትራዊ ኪነ ሕንፃ ብሎ የሰየመውን አካሄድ በስታዲዮም ሞዴሎች አሳየ። የሞሬቲ መነሻ ጥያቄ ተመልካቹ ከተቀመጠበት ቦታ ሆኖ ሜዳውን ምን ያህል አጥርቶ ያያል የሚል ነበር። የሁለቱንም ሥራ ከፍ ያደረገው የጥያቄያቸው ጥራት መሆኑን ልብ ይሏል።

አሁን ወደ ዘመናችን ሥራ እንምጣ። በ2000 ለንደን ውስጥ በብሪቲሽ ሙዚየም የውስጥ አደባባይ ላይ የተዘረጋው የመስተዋት ጣሪያ በዚህ ረገድ ከታወቁት ሥራዎች አንዱ ነው። ንድፉ የኖርማን ፎስተር ድርጅት፣ የምሕንድስናው ሥራ ደግሞ የቡሮ ሃፖልድ ነው። ችግሩ ከባድ ነበር። ከዳር ባለ አራት ማዕዘን አሮጌ ሕንፃ፣ ከመካከል በ1857 የተከፈተው ክብ የንባብ አዳራሽ አለ፤ ክቡም በትክክል መካከል ላይ አልተቀመጠም። አሮጌዎቹ ግድግዳዎች ወደ ጎን የሚገፋ ኃይል እንዲሸከሙ አልተሠሩም። የባዝ ዩኒቨርሲቲው ክሪስ ዊልያምስ ለዚህ ሥራ ብሎ የራሱን የኮምፒዩተር ፕሮግራም ጻፈ፤ የጣሪያውን ገጽ በሒሳብ ቀመር ወሰነ፤ በላዩ የተዘረጋውን የብረት መረብም የተወጠረ መረብ ራሱን እንደሚያስተካክል አድርጎ አስተካከለው። ጣሪያው በዳር በኩል በሚንሸራተቱ ማረፊያዎች ላይ ስለተቀመጠ ግድግዳዎቹን አይገፋም። መስተዋቶቹ 3,312 ሲሆኑ አንዱ ከሌላው ይለያል።

ከሥር ቆሞ ሽቅብ ለሚመለከት ሰው ይህ ሁሉ ድካም አይታየውም። የሚታየው ከአራት ማዕዘኑ ተነሥቶ ወደ ክቡ በእርጋታ የሚፈስ የብርሃን ገጽ ነው። የሥራው ብልጫም ከዚህ ላይ ነው። ጥያቄው አሮጌውን ሳይጎዱ አዲሱን ማሳረፍ ነበር፤ ቅርፁም ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ ቀጥተኛ መልስ ነው። እያንዳንዱ ጥምዝ ምክንያት አለው፤ ለመታየት ብቻ የተጣመመ ብረት የለበትም።

ይሁን እንጂ ኢትዮጵያዊ ጎብኚ ከዚህ ጣሪያ ሥር ሲቆም ደስታው ሙሉ ሊሆን አይችልም። በ1868 በመቅደላ ከተዘረፉት ቅርሶች መካከል ታቦታት በዚሁ ሙዚየም ውስጥ ለሕዝብ ሳይታዩ ተቀምጠዋል። ይህ የመሐንዲሱ ጥፋት አይደለም፤ የጣሪያውንም ውበት አይቀንስም። ነገር ግን አንድ ነገር ያስገነዝበናል። ለአሮጌ ግድግዳ እንዲህ የተጠነቀቀ ተቋም በግድግዳው ውስጥ ስላስቀመጠው የሌላ ሕዝብ ንብረት ያልመለሰው ጥያቄ አለ፤ እርሱንም የሚመልስ ፕሮግራም ሊጻፍ አይችልም።

ጥያቄው ሲጎድል ምን እንደሚደርስ ያሳየን ደግሞ እዚያው ለንደን ውስጥ በፌንቸርች ጎዳና ቁጥር 20 የቆመውና የከተማው ሕዝብ «ዎኪ ቶኪ» የሚለው ሕንፃ ነው። ራፋኤል ቪኞሊ የነደፈው ይህ 160 ሜትር የሚረዝም ሕንፃ ወደ ላይ በሄደ ቁጥር እየሰፋ ይሄዳል፤ ኪራይ የሚወደደው ከፍ ባሉት ወለሎች ላይ ነውና። በ2013 ግንባታው ሳይጠናቀቅ፣ ወደ ውስጥ የጎበጠው የደቡብ ገጽታው የፀሐይን ጨረር ሰብስቦ በጎዳናው ላይ ጣለው፤ ከታች የቆመ መኪና ክፍሎችም በሙቀቱ ቀለጡ። ነዳፊው በወቅቱ ለጋዜጣ እንደገለጸው ችግሩ በንድፉ ሂደት ታይቶ ሙቀቱ 36 ዲግሪ ያህል ይሆናል ተብሎ ተገምቶ ነበር፤ የተገኘው ግን ወደ 72 የሚጠጋ ሆነ። በኋላ የፀሐይ መከላከያ ክንፎች ተሠርተውለት ጨረሩ ተገታ። በዚህ ሕንፃ ላይ የኪራይ ስሌቱ በትክክል ተሠርቷል፤ መንገደኛው ግን በስሌቱ ውስጥ ተገቢ ቦታ አልነበረውም። የሕንፃው ባለቤት ጥቅም እንደ ግብ ሲጻፍ፣ የአላፊ አግዳሚው ደኅንነት እንደ ተረፈ ነገር ተቆጠረ። ሐያሲው ይህንን ሕንፃ አስቀያሚ ነው ብሎ ቢያልፍ ግማሹን እውነት ብቻ ተናገረ ማለት ነው፤ አስቀያሚነቱ የመጣው ከጠበበ ግብ መሆኑን ጨምሮ ማሳየት ይኖርበታል።

ጥያቄው ትክክል ሆኖ ሳለ መልሱን ያለማመሳከር መቀበልም ሌላ አደጋ ነው። በነሐሴ 1991 ኖርዌይ ውስጥ ከስታቫንገር አጠገብ ስላይፕነር «ኤ» የተባለው የባሕር ላይ የጋዝ ማምረቻ የኮንክሪት መሠረት በሙከራ ላይ ሳለ ግድግዳው ተሰንጥቆ ሰጠመ። ሰው ባይሞትም ኪሣራው ወደ 700 ሚሊዮን ዶላር ተገምቷል። በምርመራ የተገኘው ምክንያት ኮምፒዩተሩ ግድግዳውን የሚቆርጠውን ጫና 47 በመቶ አሳንሶ ማስላቱ ነበር። ማሽኑ አልተበላሸም፤ የተሸነሸኑት ክፍሎች አስፈላጊው ቦታ ላይ ከሚገባው በላይ ግዙፍ ስለነበሩ እውነቱን ሊያሳዩ አልቻሉም። ከአደጋው በኋላ በጥንቃቄ የተሠራ ስሌት መሠረቱ በ62 ሜትር ጥልቀት ላይ እንደሚሰበር አመለከተ፤ በእርግጥ የተሰበረው በ65 ሜትር ላይ ነበር። መሣሪያው እውነቱን መናገር ይችል ነበር ማለት ነው፤ አጥብቆ የጠየቀው ሲጠፋ ግን የቀረበውን ይዞ ዝም አለ።

ከዚህ ሁሉ ጋር አብሮ መታየት ያለበት አንድ ዝንባሌ አለ። በ2008 ፓትሪክ ሹማኸር ፓራሜትሪሲዝም የተባለውን አቋም በማኒፌስቶ አውጆ፣ ይህ አካሄድ ከዘመናዊው ኪነ ሕንፃ ቀጥሎ የመጣ ታላቅ ስልት ነው ሲል ተከራከረ። በክርክሩ ውስጥ እውነት መኖሩ አይካድም፤ መሣሪያ ሲለወጥ የእጅም የዓይንም ልማድ ይለወጣል። ይሁንና አካሄድ ወደ ስልት፣ ስልትም ወደ ፋሽን ሲወርድ ጥምዙ ከምክንያቱ ይለያል። ፓራሜትሩ የሚለዋወጠው የተሻለ ብርሃን፣ የቀለለ ክብደት ወይም የተመቸ መቀመጫ ፍለጋ መሆኑ ይቀርና፣ ከሥዕሉ መካከል ዓይን የሚያጥበረብረውን ለመምረጥ ብቻ ይሆናል። ያን ጊዜ ስሌቱ ጌጥ ይሆናል፤ ቅርፁም ይዘት እንደሌለው ግጥም፣ ቤቱ ይመታል እንጂ ነገር የለውም።

እንግዲህ የኪነ ሕንፃ ሂስ ከዚህ አዲስ መሣሪያ ፊት ለፊት ሲቆም ሊፈራም ሊሰግድም አይገባውም። ነዳፊው ምኑን ተለዋዋጭ፣ ምኑንስ ቋሚ አደረገ? በምን መለኪያ ምርጡን መረጠ? መለኪያውን ያወጣው ማን ነው? ከመለኪያው ውጪ የቀረው ነገር ዕዳስ በማን ላይ ያርፋል? እነዚህን መጠየቅ የሒሳብ ሊቅ መሆንን አይጠይቅም፤ መምህሩም፣ ሠዓሊውም፣ የከተማ ሥራ ኃላፊውም ሊጠይቃቸው ይችላል። በትምህርት ቤቶቻችንም ተማሪው የመጨረሻውን የሚያምር ሥዕል በግድግዳ ላይ ከመለጠፉ አስቀድሞ፣ ለማሽኑ የሰጠውን ግብና የተዋቸውን አማራጮች በራሱ ቋንቋ አስረድቶ እንዲከራከርባቸው ማድረግ ይገባል። ጋውዲ የትኛውን ከረጢት ለምን እንዳከበደ ያውቅ ነበር። ዛሬም ከነዳፊው የሚጠበቀው ይኸው ነው።