ለሕፃናት ጠባቂዎች የሚሰጥ ሥልጠና

በመርካቶ ሸማ ተራ ከተደረደረው ነጠላና ጋቢ ፊት ቆሞ የጥለቱን ውበት የሚያደንቅ ሁሉ፣ ከጋሞ ደጋ፣ ከጨንቻና ከዶርዜ፣ ትማራላችሁ ተብለው ወደ አዲስ አበባ መጥተው በሽመና ጉድጓድ ዳር ማግ ሲያጠነጥኑ የሚውሉ ሕፃናት መኖራቸውን ቢያስብ መልካም ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 የሕፃናት ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ቢያዝም፣ ትእዛዙን የሚፈጽመው የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ርኅራኄ ብቻ ስለማይበቃው፣ በሥራ ላይ ሳለ የሚሰጠው ሥልጠና እጅግ ሊመሰገን ይገባዋል፤ ይልቁንም በደርግ ዘመን የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እንደገና እስኪከፈት ድረስ፣ ሙያውን በወግ የሚያስተምር ለብዙ ዓመታት ታጥቶ ነበርና።

በመልካም ሥልጠና ላይ መምህሩ ራሱ ሕፃን ሆኖ ይቀመጣል። ሠልጣኙ «አሠሪህ ይመታሃል ወይ?» ብሎ ሲጀምር፣ መልሱን በልጁ አፍ እንዳያኖር በትሕትና ይገሥጸውና፣ «ቀኑን እንዴት ትውላለህ?» ብሎ ዝም እንዲል ያስተምረዋል፤ ዝምታውን መታገሥ፣ በእኔ አስተያየት፣ ከጥበቡ ሁሉ የላቀው ነው። ደግሞም ልጁን በአሠሪው ፊት እንዳይጠይቅ፣ የማይፈጽመውን ተስፋ እንዳይሰጥ፣ በመዝገቡም ላይ በዓይኑ ያየውን ከገመተው ለይቶ እንዲጽፍ ያለምደዋል።