ደግሞ ማንበብ

ሜክሲኮ አደባባይ ሲመሽ የታክሲ ሰልፉ ይረዝማል፤ ቦርሳዬ ውስጥ «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለው ልብ ወለድ ካለ ግን መቆሙ አይከብደኝም።

በወጣትነቴ ያነበብኩት ለፍቅረኞቹ ለሰብለ ወንጌልና ለበዛብህ ስል ነበር። ስደግመው ጉዱ ካሳ ጎልቶ ወጣ፤ መንደሩ እብድ የሚለው ሰው ከሁሉም በላይ አስተዋይ ነበር። ከዚያ የልብ ወለዱን ደራሲ የሐዲስ ዓለማየሁን የሕይወት ትዝታ መጽሐፍ፣ «ትዝታ»ን፣ አነበብኩ። ደራሲው ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን ሲወር ዘምተው፣ ተማርከው፣ ኢጣሊያ አገር ታስረዋል። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ስለ ሰብለ አባት፣ ስለ ባላባቱ ፊታውራሪ መሸሻ፣ ሳነብ እንደ ድሮው አልስቅም። ለአገሩ የታሰረ ሰው የዚያችኑ አገር የባላባት ሥርዓት ጉድለት በ1958 ዓ.ም. እንዲህ ገልጦ መጻፉ ለእኔ ትልቅ የፍቅር ሥራ ነው።

የቆምኩበት ቦታም የዚያው ታሪክ ገጽ ነው። ሜክሲኮ የኢጣሊያን ወረራ አንቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ነበረች፤ አደባባዩ በስሟ የተጠራው ለዚህ ውለታ ነው። በሜክሲኮ ዋና ከተማም «ኢትዮጵያ» የሚባል የሜትሮ ጣቢያ አለ። ታሪክ ሳነብ ሰፈሬም አብሮ ይነበባል።

ልብ ወለዱን በሚቀጥለው ዙር ሳነብ የበዛብህን እናት፣ ውድነሽን ልከተል አስቤአለሁ። ልጇን በስለት ለቤተ ክርስቲያን የሰጠች እናት ገና ብዙ የምትነግረኝ አላት።