ፕላምፒነት፣ ወተትና መመሪያው ያልጠየቀው ጥያቄ

ጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው የአጣዳፊ የምግብ እጥረት ሕክምና ብሔራዊ መመሪያ ከ2007ቱ ፕሮቶኮል እጅግ የተሻለ ሰነድ ነው። የክንድ ዙሪያ መለኪያው ከ11 ወደ 11.5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሏል፤ አሠራሩም ጠርቷል። በጅግጅጋ ሜዳ የገበሬውና የአርብቶ አደሩ ልጅ በአንድ ሰልፍ ይመዘናሉ፤ የአርብቶ አደሩ ልጅ እግረ ረጅም በመሆኑ ክብደት ለቁመት የተሰኘው መለኪያ ከሲታነቱን አጋንኖ እንደሚያሳይ ማያትና ባልደረቦቻቸው በ2009 አመልክተዋል። ስለዚህ ክንድን መለካት በዚህ አካባቢ ተገቢ ነው።

ችግሩ ያለው ከልኬት በኋላ ነው። 92 ግራም የሚመዝነው የፕላምፒነት ፓኬት 500 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል። ለእናቲቱ የሚነገረው ምክር ምግቡ መድኃኒት መሆኑን፣ ለሌላ ልጅ መካፈል እንደሌለበትና ንጹሕ ውኃ አብሮ መሰጠት እንዳለበት ነው። ምክሩ ትክክል ነው። ሆኖም በጂላል ወራት ወተት የነጠፈበትን ቤት ሳይጠይቅ፣ ያካፈለችውን እናት እንደ ጥፋተኛ ያስቆጥራል።

በ2009 በሊበንና በሺኒሌ (በዛሬው ሲቲ) ዞኖች የተካሄደው «ሚልክ ማተርስ» የተሰኘው ጥናት የሶማሌ አርብቶ አደር ሕፃን አመጋገብ በወተት ላይ ምን ያህል እንደተመሠረተ አሳይቷል። ከብቱና ግመሉ ለግጦሽ ሲርቅ ሕፃኑ ከእናቱ ጋር ከደረቀው መንደር ይቀራል። ቀጥሎ በተደረገው ሙከራ ለሚታለቡት እንስሳት መኖ ከመንደር ማቅረብ ወተቱን ለሕፃኑ አቆይቷል። ይህ ዕውቀት ግን ከእንስሳት ሐኪሙ ጠረጴዛ ወደ ጤና ባለሙያው የማዘዣ ደብተር እምብዛም አልተሻገረም።

ጉዳዩ ዛሬ ይበልጥ ያሳስባል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ መጠኑ በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ150 እስከ 185 ኪሎ ካሎሪ ሆኖ፣ ሕፃኑ ከከፋ ደረጃ ሲወጣ ወደ 100–130 ሊቀነስ ይችላል። ለ8 ኪሎ ሕፃን ቅነሳው በቀን አንድ ፓኬት ገደማ ነው። አቅርቦት ለሚያጥረው ጤና ጣቢያ ይህ እፎይታ ነው፤ ነገር ግን የቀነሰውን የሚሞላው የቤቱ ምግብ ነው፤ እርሱም ሦስት ሩብ ሊትር ያህል ወተት ማለት ነው። በመጋቢት በሺኒሌ ወተቱ ከየት ይመጣል?

መጠኑን ከመቀነሱ በፊት አዛዡ እናቲቱን ሊጠይቅ ይገባዋል፤ የምትታለብ እንስሳ ከቤት አለች? ወተቱንስ ማን ይጠጣዋል? መልሱም ከክንዱ ልኬት አጠገብ በካርዱ ላይ ሊሰፍር ይገባል።