የሕመም ግሥ

ሮብ ገበያ ስሟ ከገበያዋ ቀን ነው። ረቡዕ ረቡዕ ጤና ጣቢያችን ይጨናነቃል። ጤፉን ሸጦ፣ ጨውና ቡናውን ሸምቶ፣ አህያውን አጥር ላይ አስሮ «እስቲ ይችን ነገር ላሳይ» የሚለው ብዙ ነው። ጤና መኮንን ሆኜ ከተመደብሁ ጀምሮ ከመጽሐፍ ያላገኘሁትን ያስተማረኝ የረቡዕ ወረፋ ነው።

ስንማር ሕመምን ከዜሮ እስከ ዐሥር በቁጥር አስለኩ ተብለን ነበር። እዚህ ቁጥር ስጠይቅ «እኔ ምን አውቄ፤ የተማርኸው አንተ አይደለህ?» እባላለሁ። ቁጥር የማይሰጠኝ ሰው ግን ግሡን አይስትም። ሆድ ይቆርጣል፤ ጎን ይወጋል፤ ራስ ይፈልጣል፤ ጉልበት ይቆረጥማል፤ መግል የያዘ ጣት ይጠዘጥዛል፤ ነርቩ የተነካ እግር ይነዝራል ወይም ያቃጥላል። ግሡ ግማሽ ምርመራ ነው። ለሚጠዘጥዘው ጣት መግሉን ከፍቶ ማፍሰስ ከማንኛውም ክኒን ይበልጣል። ለሚነዝረው እግር ዲክሎፌናክ ብወጋ ብዙም አይፈይድም፤ ማታ ማታ የምትዋጥ ትንሽ አሚትሪፕቲሊን ትሻለዋለች።

በዚህ ጆሮዬ እመካ ነበር። አንድ ረቡዕ ግን አፈርሁበት።

ሰውየው በአርባዎቹ መጨረሻ ላይ ያለ፣ ለእናቱ ተዝካር ከአሜሪካ የመጣ ነው። በቅሎ ጥላው የግራ እጁ አንጓ ላይ ተሰብሯል። ታላቅ እህቱ ደግፋው ገባች። መርፌ ላዘጋጅ ስነሣ «እትዬ አንዴ ውጭ ትቆየኝ» አለ። ስትወጣ ከደረት ኪሱ ትንሽ እሽግ አወጣ። «ዶክተር፣ እኔ ይህን በየቀኑ ከምላሴ ሥር አደርጋለሁ። እዚያ ወገቤን ቀዶ ሕክምና ተደርጌ በሰጡኝ ክኒን ተያዝሁ። ከተላቀቅሁ ስድስት ዓመቴ ነው። እህቴ አታውቅም።»

እሽጉ ላይ ቡፕረኖርፊን ይላል። ስሙን በትምህርት ቤት ሰምቼዋለሁ፤ በእጄ ግን ይዤው አላውቅም። የሞርፊን ዘመድ እንደሆነና የሌሎቹን ኃይለኛ ማስታገሻዎች ሥራ እንደሚያግድ ትዝ አለኝ። እጁን በስፕሊንት አሰርሁ፤ ዲክሎፌናክ ወጋሁት፤ ፓራሲታሞል ሰጠሁት፤ ለራጅ ወደ ሞጣ ሪፈር ጻፍሁ። ቀጥዬም እንደ አዋቂ «ይህችን ለጊዜው ያቁሟት፤ ሆስፒታል ኃይለኛ መድኃኒት ቢያስፈልግዎ እንዳትከለክል» አልሁት። ሰውየው አመነኝ፤ አቆማት።

ቅዳሜ ተመልሶ መጣ። ሞጣ አልሄደም። አፍንጫው ይፈሳል፤ ዓይኑ ያነባል፤ ክንዱ ላይ ያለው ፀጉር ቆሟል፤ ሳያቋርጥ ያፋሽካል። እህቱ ተናድዳለች። «የኔ ልጅ፣ ቡዳ ነው እንጂ ሌላ ምን ሊሆን! ከበቅሎ የወደቀ ሰው ያፋሽካል? ጠበል ልውሰደው።»

«የት ላይ ነው የሚያምዎ?» አልሁት።

«እጄን ይጠዘጥዘኛል» አለ። ትንሽ ቆየና «ሌላውን ግን … አጥንቴን ሁሉ ይመዘምዘኛል። ብርድ ብርድ ይለኛል። ሆዴን ይቆርጠኛል» አለ።

ግሡ ሁለት ነው። የሚጠዘጥዘው አንድ ቦታ አለው፤ ጣት ይቀሰርበታል። የሚመዘምዘው ቦታ የለውም። አንደኛው የበቅሎዋ ሥራ ነው፤ ሁለተኛው የእኔ።

ደብረ ማርቆስ የማደንዘዣ ባለሙያ የሆነ ጓደኛዬ ጋ ደወልሁ። ነገሩን ስጨርስ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ከረቡዕ ወዲህ ሞርፊን ወይም ትራማዶል ወስዷል?» ብሎ ነው። አልወሰደም። «እንግዲያው መድኃኒቱን አሁኑኑ ይመልስ። የቀኑን መጠን ሳይጨምር ለሦስት ከፍሎ በየስምንት ሰዓቱ ያድርገው።»

በኋላ ላይ አንብቤ ነገሩን የተረዳሁት በተዝካር ዳስ ምሳሌ ነው። ቡፕረኖርፊን ዳሱ ውስጥ ቀድሞ ገብቶ መደቡ ላይ የተደላደለ እንግዳ ነው። ቦታውን አጥብቆ ይይዛል፤ ሌላ ሲመጣ በቀላሉ አይነሣም። ሞርፊን ቀድሞ በተቀመጠበት ደርሶ ቦታውን ሲነጥቀው ግን ጉልበቱ ከሞርፊን ስለሚያንስ ሰውነት በድንገት የጎደለበት ይመስለዋል፤ ጓደኛዬ አስቀድሞ ስለ ሞርፊን የጠየቀው ለዚህ ነው። ሁለተኛው ነገር ጊዜ ነው። ይህ መድኃኒት ሱሱን ቀን ሙሉና ከዚያም በላይ ዝም ያሰኛል፤ ሕመም የማስታገስ ሥራው ግን ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ነው። ለዚሁ ሱስ የሚሰጠው ሜታዶንም እንዲሁ ነው። ስለዚህ «ይህን እየወሰዱ እንዴት ያምዎታል?» ብሎ መጠየቅ ጠዋት ቁርስ የበላን ሰው ማታ እንዴት ራበህ እንደ ማለት ነው። ያው መጠን ተከፋፍሎ ሲሰጥ ሁለቱንም ሥራ ይሠራል። ለቀረው ሕመም ፓራሲታሞል በሰዓቱ፣ ዲክሎፌናክ፣ ከፍ ያለ ትራስ፣ በደንብ የታሰረ ስፕሊንት፣ አጥንቱ ሲቀና ደግሞ ሊዶኬይን ስብራቱ ላይ። ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልግ እንኳ አሁን የሚመከረው መሠረት የሆነውን መድኃኒት ሳይነኩ፣ ሰውየውን በቅርብ እየተከታተሉ ሌላ ማስታገሻ መደረብ ነው፤ መጠኑም ከተለመደው ከፍ ሊል ይችላል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1965 ቪንሰንት ዶል እና ሜሪ ናይስዋንደር በኒው ዮርክ ሜታዶንን ለሄሮይን ሱስ መስጠታቸውን አሳተሙ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ሜታዶንንም ቡፕረኖርፊንንም በአስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ አስገባ። እኔ ግን ረቡዕ ዕለት በእጄ የያዝሁትን እንደ ስኳር ወይም እንደ ደም ግፊት መድኃኒት አላየሁትም። የስኳር በሽተኛ እጁ ቢሰበር «ኢንሱሊንህን አቁም» እለው ነበር? አልልም። ይህን ግን አልሁ፤ ሳላውቀው «ሱሰኛ» የሚለው ቃል ከሰውየው ቀድሞ በሩን ገብቶብኝ ነበር።

ይህ የአሜሪካ ጣጣ ነው ብሎ የሚያልፍ ቢኖር የእኛን ወረፋ ይይ። ከተማ የቀን ሥራ ውሎ የተመለሰ ወጣት ድካሙን ለማጥፋት የለመደውን ትራማዶል ይዞ ይመጣል። እግሩ ተጎድቶ ሊታከም ገብቶ «አጥንቴን ሁሉ ይመዘምዘኛል» ካለኝ ዛሬ ስለ ክኒኑ በቀስታ እጠይቃለሁ። ትራማዶል በቀን ከ400 ሚሊ ግራም ሲያልፍ የሚጥል በሽታ የመሰለ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል፤ በአንዴ ሲያቆሙትም ይበቀላል። እኛ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1996 እነ ዶክተር እሌኒ አክሊሉ ባሳተሙት ጥናት ከመረመሯቸው ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባለውን ጉበት ውስጥ ያለ ኢንዛይም የሚሠራው ዘረ መል የተደራረበባቸው ሆነው ተገኝተዋል። ትራማዶልን ወደ ኃይለኛው መልኩ የሚለውጠው ይኸው ኢንዛይም ነው። አንዲት ክኒን ለሁሉም ሰው አንድ አይደለችም።

ሌላም የማልረሳው ነገር ቲቢ ነው። ሜታዶን የሚወስድ ሰው ለቲቢ ሪፋምፒሲን ቢጀመርለት፣ ሪፋምፒሲኑ ሜታዶኑን ጉበት ቶሎ እንዲያጠፋው ስለሚያደርግ ሰውየው መጠኑን ሳይቀንስ ይጎድልበታል። ያፋሽካል፣ ያልበዋል፣ ሁሉ ነገሩ ይመዘምዘዋል። የማያውቅ ባለሙያ «ተጨማሪ ፈልጎ ነው» ይላል። እኔም እል ነበር።

ለእህቱ ምን አልኋት? ምስጢሩ የእኔ አይደለም። «እትዬ፣ ጠበሉንም ይጠጣ፤ መድኃኒቱንም አይተው» አልኋት። እሱንም «ስሕተቱ የእኔ ነው፤ ያቁሙት ማለት አልነበረብኝም» አልሁት። ይህን ስል ፊቴ ጋለ። እሱን ግን ከሁሉም ያረጋጋው ይህ ይመስለኛል፤ በማይታመንበት ቤት ያልገባ መሆኑን አወቀ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ይህ ሰው ግን አልደበቀም ነበር፤ ሲነግረኝ ያልሰማሁት እኔ ነኝ።

እሑድ ማፋሸኩ ቆመ። ሰኞ በመኪና ሞጣ ሄደ። በሚቀጥለው ረቡዕ ጀሶውን አንገቱ ላይ በነጠላ አንጠልጥሎ በገበያው መሐል መጣ። ቁጥር አልጠየቅሁትም።

«ዛሬስ?» አልሁት።

ጀሶውን በቀኝ እጁ ዳሰሰና ፈገግ አለ። «ዛሬማ እጄን ብቻ ነው የሚያመኝ» አለ።