የጎበጠ ሣር፣ የጎበጠ ብርሃን

ጂንካ ላይ ሻይ ጠጥተው የጨረሱበትን ብርጭቆ ያንሱና በወፍራም ቂጡ በኩል የሻማ ነበልባል አሻግረው ይመልከቱ። ብርጭቆውን ሲያንቀሳቅሱት ነበልባሉ ይለጠጣል፣ ይጎብጣል፣ አንዳንዴም ሁለት ሆኖ ይታያል። ሻማው ያው አንድ ነው፤ ያጣመመው መስታወቱ ነው። አሁን ነገሩን ይገልብጡት። መስታወቱ ጨርሶ የማይታይ ቢሆንና የሚያዩት የተጣመመውን ነበልባል ብቻ ቢሆን፣ የብርጭቆው ቂጥ የት እንደወፈረ፣ የት እንደሳሳ መናገር ይችላሉ? የጋላክሲ ስብስቦችን መጠነ ቁስ በካርታ የሚያሰፍሩ ሰዎች የሚሠሩት ይህንኑ ነው።

ጂንካ የምትገኝበት ደቡብ ኦሞ ከምልክት ተነስቶ ወደማይታየው ለሚሄድ እንዲህ ላለ ንባብ እንግዳ አይደለም። ኦሞን የሚያስሞላው ደጋ ላይ የሚጥለው ዝናብ ነው፤ በኦሞና በማጎ ወንዞች መካከል የሚኖሩት ሙርሲዎች ግን ያንን ዝናብ አያዩትም። የሚያዩት «ኢማይ» የሚሏትን፣ ከደቡብ መስቀል ኮከቦች አንዷን ነው። ኢማይ ከምሽቱ ሰማይ ስትጠፋ፣ በስሟ የሚጠራውን የወንዝ ዳር ሣር የሚያስተኛ ሙላት ይደርስ ነበር። ውሃው ሲሸሽ ደለሉ ላይ ማሽላ ይዘራ ነበር። ተመራማሪዎቹ ዴቪድ ተርተንና ክላይቭ ረግልስ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ጥናት አንድ ድንቅ ነገር መዝግበዋል። «አሁን ስንተኛው በርጉ (ወር) ላይ ነን?» ሲባል ሙርሲዎች አይስማሙም፤ ይከራከራሉ። ማን ልክ እንደነበረ የሚለየው ቆይቶ፣ ምልክቱ ሲታይ ነው። ቆጠራው ከምልክቱ ካልገጠመ የሚታረመው ቆጠራው ነው።

ይህን ይዘን ወደ ሑት ኅብረ ኮከብ አቅጣጫ እንሂድ። እዚያ ዝዊኪ 0024+1652 የሚባል የጋላክሲ ስብስብ አለ፤ ብርሃኑ እኛ ዘንድ ለመድረስ ከ4 ቢሊዮን ዓመት በላይ ተጉዟል። ስሙን የወሰደው ከሥነ ፈለክ ተመራማሪው ፍሪትዝ ዝዊኪ ነው። ዝዊኪ እ.ኤ.አ. በ1933 በሌላ ስብስብ ውስጥ ያሉ ጋላክሲዎች ፍጥነት ከሚታየው ቁስ ጋር እንደማይመጣጠን አይቶ፣ የማይታይ ቁስ መኖር አለበት አለ። ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ የዚህ ቁስ ስበት ከኋላ የሚመጣውን ብርሃን እንደ ሌንስ ሊያጎብጥ እንደሚችል ጻፈ።

የሃብል ቴሌስኮፕ ያነሳውን የዚህን ስብስብ ምስል ቀረብ ብለው ይዩት። መሐሉን ቢጫማ ጋላክሲዎች ሞልተውታል። በዙሪያቸው እንደ ተላጠ ቆዳ የቀጠኑ ሰማያዊ ቅስቶች አሉ። እነዚህ ሁሉ የአንዲት ጋላክሲ ምስሎች ናቸው፤ እሷም ከስብስቡ ጀርባ፣ እጅግ ርቃ ያለች ናት። አንቶኒ ታይሰንና ሁለት ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1998 የእሷን ስምንት ምስሎች ይዘው ወደ ኋላ ሠሩ። በመጀመሪያ ቁሱ እንዲህ ተከፋፍሏል ብለው ይገምታሉ። ከዚያ እያንዳንዱን የብርሃን ጨረር በግምቱ መሠረት ወደ ምንጩ ይመልሳሉ። ስምንቱ ምስሎች አንዲቱን ጋላክሲ ካልሰጡ ግምቱን ፈተው እንደገና ይሠራሉ። የተለጠጠው ተሰብስቦ፣ የተገለበጠው ተቃንቶ፣ እያንዳንዷ ደማቅ ነጥብ ከእህቷ ጋር መግጠም አለባት። ሲገጥም የወጣው ካርታ አስደናቂ ነበር። በየጋላክሲው ላይ ከተከማቸው ውጭ ካለው ቁስ ከ98 በመቶ በላይ የሚሆነው አንድ ለስላሳ ክምር ሆኖ ተገኘ። ጋላክሲዎቹ በጉም ውስጥ የተሰቀሉ ፋኖሶች ናቸው፤ ክብደቱ ያለው ጉሙ ላይ ነው።

ለእኔ የሙያው ጥራት ጎልቶ የሚታየው ግን ከመሐሉ ርቆ፣ ቅስት በማይገኝበት ዳር ነው። እዚያ ስበቱ የጋላክሲዎቹን ቅርጽ የሚለጥጠው በጥቂት በመቶ ብቻ ነው፤ ጋላክሲዎች ደግሞ በተፈጥሯቸውም ሞላላ ናቸው። አንዷን ብቻ አይቶ የጎበጠችው በስበት ነው ማለት አይቻልም። ስለዚህ የብዙዎቹን ቅርጽ ለክተው አማካዩን ይወስዳሉ፤ የየራሳቸው ዘንበል ማለት እርስ በርሱ ይጠፋፋል፣ የጋራው ዘንበል ይቀራል። ከዚያ በፊት ደግሞ መሣሪያው ራሱ ይመረመራል። የእኛው ጋላክሲ ኮከቦች በምስሉ ላይ ነጥብ ሆነው መታየት አለባቸው። ሞላላ ሆነው ከወጡ ጥፋቱ የቴሌስኮፑ ነውና ያ መጠን ከሁሉም ላይ ይቀነሳል። ሰማይ ጎብጧል ከማለት በፊት የራስን ዓይን መጠርጠር ማለት ይህ ነው።

በዚህ ስብስብ ላይ የእኛም ሰዎች እጅ አለበት። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የጋላክሲዎቹን ቅርጽ በየዓይነቱ የለዩበትን ጥናት አሳትመዋል። የተጠቀሙት በሃብል ምስሎች ነበር። ሌንሱ ውስጥ ያለው የትኛው ነው፣ ምን ዓይነትስ ነው የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው እንዲህ ባለ የትዕግሥት ሥራ ነው።

ክርክሩም አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ2007 ሌላ ቡድን እዚሁ ስብስብ ውስጥ የማይታይ ቁስ ቀለበት አየሁ አለ፤ ሌሎች ቀለበቱ የመለኪያው ስህተት ሊሆን ይችላል ብለው ተጠራጠሩ። ሙርሲዎች ስለ በርጉ ሲከራከሩ እንደሚያደርጉት፣ ፈራጁ ምልክቱ ነው።

በኦሞ ወንዝ ላይ የተሠራው የግልገል ጊቤ 3 ግድብ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ የኦሞ ሙላት እንደ ድሮው አይመጣም። ኢማይ በጊዜዋ ትጠልቃለች፤ ሣሩን የሚያስተኛው ውሃ ግን ግድብ ውስጥ ነው። ምልክቱን ማንበብ የሚያውቁ ሽማግሌዎች ግን ዛሬም አሉ። በጂንካ ፊዚክስ የምታስተምሩ፣ ስለ ስበት ሌንስ ስትናገሩ ከብርጭቆው ቂጥ ቀጥላችሁ የኢማይን ሣር አንሱ። በግንቦት፣ ዝናቡ ባባራበት ምሽት ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ተማሪዎቻችሁን ወደ ደቡብ አዙሯቸው፤ ኮከቧ እዚያው አለች።