ሰማንያ ግራም ታካሚ

«ትናንት እኮ ደህና ነበር» ይሉኛል። ያረጀ ጀርቢል ይዘው ወደ ክሊኒካችን የሚመጡ ሰዎች አይዋሹም፤ እንደዚያ ነው ያዩት። እንስሳው ግን ትናንትም ደህና አልነበረም፣ ባለፈው ሳምንትም እንዲሁ።

ጀርቢልን ለማያውቅ፦ ከአይጥ ወገን ነው፤ ጅራቱ ጠጉራም፣ የኋላ እግሩ ረዘም ያለ፣ መሬት ሲቆፍር የሚውል የሞንጎልያና የሰሜን ቻይና ደረቅ ሜዳ እንስሳ። እ.ኤ.አ. በ1935 ጃፓኖች ለምርምር 20 ጥንድ ከአሙር ወንዝ ተፋሰስ አጥምደው ወሰዱ። በ1954 ከዚያው ዘር ጥቂቱ አሜሪካ ገባ፤ ከላቦራቶሪም ወጥቶ የልጆች መኝታ ቤት ገባ። እኔ በምሠራበት በሜሪላንድ እንደ ልብ ይገኛል፤ ካሊፎርኒያ ግን አምልጦ በረሃው ላይ ይራባል ተብሎ ስለተፈራ ማሳደጉ ክልክል ነው። ዕድሜው ሦስት ዓመት፣ ቢበዛ አራት ነው። ስምንተኛ ልደቷ ላይ የተገዛላት ልጅ አሥራ አንድ ዓመት ሲሆናት ሽማግሌ እያስታመመች ነው ማለት ነው።

ደብረ ዘይት የተማርኩት በበሬና በላም ነው። ከብት ሲታመም አይደብቅም፤ ማመንዠኩን ይተዋል፣ ከመንጋው ወደ ኋላ ይቀራል፣ ጆሮውን ይጥላል። ሐኪሙ ከመድረሱ በፊት እረኛው ነገሩን ጨርሶ ያውቀዋል፤ እኛም ብዙ ጊዜ የምናደርገው እረኛውን ደህና አድርጎ መጠየቅ ነበር። ጀርቢል ግን ለጭልፊትና ለቀበሮ ቀለብ ሆኖ የኖረ ፍጡር ነው። መታመሙ ከታወቀበት መጀመሪያ የሚበላው እሱ ነውና እስከ መጨረሻው ደህና መስሎ ይውላል። ስለዚህ የሥራዬ ግማሽ ለዚህች ትንሽ ፍጥረት እረኛ መፈለግ ነው።

ዋናው መሣሪያዬ ግራም የሚለካ ተራ የወጥ ቤት ሚዛን ነው። ጎልማሳ ጀርቢል ከ60 እስከ 100 ግራም ይመዝናል። 80 የነበረው 72 ከገባ ከአካሉ አንድ አሥረኛው ሄዷል፤ ጠጉሩ ስለሚሸፍነው ግን በዓይን አይታወቅም። በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ በዚያው ሳህን መዝኖ ደብተር ላይ የሚጽፍ ቤተሰብ ለእኔ ከራጅ ፎቶ የሚበልጥ ነገር ይዞልኝ ይመጣል።

«ምን ሆነ?» ብዬ ስጠይቅ ጠቃሚ መልስ አላገኝም። «ጎጆውን መቼ ነው የሠራው?» ስል ግን ሰው ቆም ብሎ ያስባል። የውኃ ጠርሙሱንም ሁልጊዜ እጠይቃለሁ። ጫፉ ላይ ያለችው ኳስ ስትጣበቅ ጠርሙሱ ሙሉ ሆኖ እንስሳው በጥም ይሞታል፤ የበረሃ እንስሳ ስለሆነ ድሮም ጥቂት ነው የሚጠጣው፣ ውኃው አለመቀነሱን ልብ የሚል የለም። ኳሷን በጣት መንካት ነው፤ ጠብታ ካልወጣ ታማሚው ጠርሙሱ ነው።

አንዲት የሲልቨር ስፕሪንግ እናት ከልጇ ጋር ያረጀ ጀርቢል ይዛ መጣች። ልጅቷ ታለቅሳለች፤ እናትየው የሒሳብ ግምቱን አይታ በአማርኛ ዝቅ ብላ «ዶክተር፣ በእመቤቴ፣ ለአይጥ ነው ይሄ ሁሉ?» አለችኝ። ጥያቄው የሚያስቆጣ አይደለም፤ አገር ቤት ብሆን እኔም የምጠይቀው ነው። ምን እንደተለወጠ ስጠይቅ ልጅቷ ምንም አላየችም። እናትየው ግን «ሌሊት ካርቶን ሲቦጫጭቅ እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር፤ ሰሞኑን ግን ሰላም ተኝቼ ነው የማድረው» አለች። እረኛዋ እሷ ነበረች።

ጀርቢሉ ጭንቅላቱ ወደ ግራ አዘንብሏል። ወዲያው አልነካሁትም። ብዙ ጀርቢሎች ሲያዙ ወይም አዲስ ቦታ ሲገቡ የሚጥላቸው በዘር የሚወረስ የሚጥል በሽታ አለባቸው፤ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ደቂቃ ያልፋል፣ የተዳከመ ሽማግሌ ላይ ግን ማስነሣት አይገባም። በሳጥን ውስጥ እንዳለ ተመለከትኩት። መዝመሙ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከመጣና የአንድ ወገን እግር ከላላ ስትሮክ እጠረጥራለሁ። የብዙዎቹ ጀርቢሎች የአንጎል ሥር የደም ቧንቧ ቀለበት የተሟላ አይደለም፤ ተመራማሪዎችም ስትሮክን ለማጥናት የመረጧቸው ለዚህ ነው። ቀስ እያለ ከመጣ ደግሞ ጆሮ ነው፤ ሲያረጁ ጆሯቸው ውስጥ የቆዳ እብጠት እያደገ አጥንቱን ይበላዋል። ይህኛው ቀስ እያለ የመጣ ነበር። ሆዱ መሐል ያለችው የጠረን እጢም አብጣ ቆስላለች፤ በሽማግሌ ወንድ ጀርቢሎች ላይ የተለመደ እባጭ ነው፣ ገና በቡቃያው ቢያዝ በቀዶ ጥገና ይወጣል። አፍንጫው ዙሪያ ቀይ ነገር ደርቋል። እናትየው ደም መሰላት፤ ከዓይን ኋላ ካለ እጢ የሚወጣ ቀለም ነው፣ ከጭንቀትና ከሕመም ጋር ይበዛል።

እንዲህ ላለው መጀመሪያ ሙቀት፣ ከዚያ ከቆዳ ሥር ፈሳሽ፣ ከዚያ የሕመም ማስታገሻ ነው። ምርመራው ይቆያል፤ የቀዘቀዘን ጀርቢል ራጅ ለማንሣት መጣደፍ ራሱ ይገድለዋል። መድኃኒት ላይ ደግሞ አገር ቤት የለመድኩትን መርሳት ነበረብኝ። እዚያ ከቦርሳችን የማይጠፋው ፔንስትሬፕ ውስጥ ያለው ስትሬፕቶማይሲን ለጀርቢል መርዝ ነው፤ ጡንቻውን አስልሎ ትንፋሹን ያቆመዋል። ስትሮክ ከሆነና የመጀመሪያዎቹን ቀናት ካለፈ ግን ተስፋ አለ፦ መሽከርከሪያውንና ደረጃውን አውጥቶ ቤቱን ሜዳ ማድረግ፣ ጠርሙሱን ዝቅ ማድረግ፣ ምግቡን በውኃ አርሶ አፉ ሥር ማቅረብ።

ለዚህኛው ግን ተስፋ አልነበረም፤ ለእናትየውም ሒሳቡ ከመጨመሩ በፊት ነገርኳት። ያልሆነ ተስፋ መሸጥ በዚህ ሙያ ቀላል ነው፣ ደንበኛውም ያመሰግናል። ለልጅቷ «ይተኛል» አላልኳትም፤ ይሞታል አልኳት። በመጀመሪያ የማደንዘዣ ጋዝ ሳጥን ውስጥ ገባ፣ ራሱን ከሳተ በኋላ የመጨረሻው መርፌ ተሰጠው።

ጀርቢሉ ቤት ውስጥ ለሞተበትና ምክንያቱን ማወቅ ለሚፈልግ ሰው፦ ሬሳው ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ እንጂ በረዶ ቤት አይግባ፤ በረዶ ሥጋውን ስለሚያበላሸው በማይክሮስኮፕ የሚታይ ነገር አይተርፍም። ሽማግሌ ብቻውን ሲሞት ለሌሎቹ ብዙም አልሰጋም። ወጣቶች በተከታታይ ሲሞቱ ነው የምደነግጠው፤ የታይዘር በሽታ የሚባለውን የሚያመጣው ባክቴሪያ ጀርቢልን ክፉኛ ያጠቃል፣ ዘሩም ጉዝጓዙ ውስጥ ረጅም ጊዜ ይቆያል።

እናትየው ልትወጣ ስትል «የቀረውስ? ሌላ እንግዛለት?» አለች። ጥንድ ነበሩ። ጀርቢል ብቸኝነት አይወድም፤ የማያውቀውን እንግዳ በአንዴ ካስገቡበት ግን እስከ ሞት ይጣላል። ወጣት ቢሆን በመሐል ወንፊት አድርጎ፣ ቦታቸውን በየቀኑ እያለዋወጡ፣ ጠረን ለጠረን ማላመድ ይቻላል። ይህኛው ግን የሟቹ እኩያ ነው። አትግዢለት አልኳት፤ ቤቱ አይነካበት፣ ካርቶን አይጉደልበት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመዘን። ሚዛን እንዳላት ጠየቅኳት። የበርበሬ አላት፤ ግራም ግን አይለይም።