ፌሮው ሰማይ እያየ

ኢኮኖሚው ማደጉን ሲነግሩን ጣታቸው የሚቀሰረው ወደ ፎቅ ነው። ይሁን፤ ፎቁስ አለ። እኔን የሚከነክነኝ ሰማይ እያየ የሚዝገው ፌሮ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ ይወሰን ተባለና፣ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ተሻገረ። ሲሚንቶው የአገር ውስጥ ነው እንበል፤ የፌሮው ጥሬ ብረትና ሊፍቱ ግን በዶላር ነው የሚገቡት። በድሮ ዋጋ የፈረመ ኮንትራክተር ምን ያድርግ? ቢጨርስ ይከስራል፣ ቢያቆም ይከሰሳል። በመንግሥት ውሎች ላይ የዋጋ ማስተካከያ የሚባል አንቀጽ አለ፤ ማመልከቻው ከቢሮ ቢሮ ሲዞር ግን ብረቱ እንደገና ይጨምራል። (አማካሪው ሲከስር አይታችኋል?) በባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ አርማታ ሲያመላልስ የኖረው የቀን ሠራተኛማ ውልም ማካካሻም የለው። ጠዋት ይመጣል፣ የቆርቆሮው በር ተዘግቶ ያገኘዋል፣ ዘበኛውን «መቼ ይከፈታል?» ብሎ ይመለሳል።